ዓባይን ያልገደቡት፣ የቁጥርን ምስጢር የፈቱት ሊቅ

 

ዛሬ የምናነሳቸው ሊቅ በዓለም ዘንድ የሚታወቁት በብርሃንና በዓይን ምርምራቸው ነው። እኛ ግን ብዙ ወደማይነገርለት ሌላው ሥራቸው፣ ወደ ቁጥር፣ እናደላለን። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የኢፍጣር ሰዓት እስኪደርስ ልጆቻችሁ የሚያስቡበት አንድ እንቆቅልሽ እናስቀምጥ።

አንዲት እናት በቅርጫት ቴምር አላት። ቴምሩን ለሁለት ሰው እኩል ብታካፍል አንድ ይተርፋታል። ለሦስት ብታካፍልም አንድ ይተርፋታል። ለአራት፣ ለአምስትና ለስድስት ብታካፍልም እንደዚያው፣ ሁልጊዜ አንድ ፍሬ ትተርፋለች። ለሰባት ስታካፍል ግን ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ አንድም አይተርፍም። በቅርጫቱ ውስጥ ስንት ቴምር አለ?

እናቲቱና ቴምሩ የእኛ ናቸው። ጥያቄው ግን የዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ኢብኑል ሀይሰም በጽሑፍ የመለሱት ነው። መልሱን ሕይወታቸውን እየተከተልን እንደርስበታለን።

ከበስራ እስከ ካይሮ

ሙሉ ስማቸው አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሐሰን ኢብኑል ሀይሰም ነው። አውሮፓውያን አልሃዘን ይሏቸዋል። የተወለዱት በሂጅራ አቆጣጠር በ354፣ እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ፣ በዛሬዋ ኢራቅ በበስራ ከተማ ነው። ዘመኑ የግሪክ የሒሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ወደ ዓረብኛ ተመልሰው ያለቁበት፣ ሙስሊም ሊቃውንትም ከመተርጎም አልፈው የራሳቸውን መጨመር የጀመሩበት ነበር። ኢብኑል ሀይሰም በዚህ ማዕድ ላይ አደጉ። የቀደሙትን መጻሕፍት አጥንተው ሲያበቁ ግን እንዳለ አልተቀበሉም። ሐቅን የሚፈልግ ሰው የቀደሙትን ስላከበረ ብቻ ሊያምናቸው እንደማይገባ፣ የተጻፈውን ሁሉ በማስረጃ መፈተን እንዳለበት፣ የገዛ ራሱንም አስተሳሰብ መጠራጠር እንዳለበት ያስተምሩ ነበር።

ወደ ግብፅ ያመጣቸው አንድ ንግግራቸው ነው። ከእሳቸው ሕልፈት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሊቃውንትን ታሪክ የጻፈው ኢብኑል ቂፍጢ እንደሚተርከው፣ ኢብኑል ሀይሰም ግብፅ ብኖር ኖሮ ዓባይ ሲሞላም ሆነ ሲጎድል ለሕዝቡ የሚጠቅም ሥራ እሠራ ነበር ብለው ተናገሩ። ነገሩ ካይሮ ደረሰ። የግብፅ ገዥ የነበሩት የፋጢሚዎቹ ኸሊፋ አል-ሓኪም ይህን ሰምተው ሊቁን አስጠሯቸው፤ ከከተማው ወጣ ብለውም በክብር ተቀበሏቸው።

ለግብፅ ይህ ቀልድ አልነበረም። በየዓመቱ የሚሞላው ዓባይ ከጎደለ ረሃብ፣ ከመጠን ካለፈ ጥፋት ነው። የዚያ ጎርፍ አብዛኛው ውሃ በእኛ አገር ደጋ በክረምት ዘንቦ የሚወርድ መሆኑን እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። በዚያ ዘመን ግን ካይሮ ተቀምጦ ውሃውን በሥሌት ማስገደድ እችላለሁ ማለት ታላቅ ድፍረት ነበር።

ኢብኑል ሀይሰም ባለሙያዎች ተሰጥቷቸው ወንዙን ተከትለው ወደ ደቡብ ተጓዙ። በመንገዳቸው የጥንት ግብፃውያንን ሕንፃዎች አዩ። የድንጋዮቹ አቆራረጥ፣ የማዕዘናቱ ልክ፣ የሥራው ጥራት አስደነቃቸው። እነዚህን የሠሩ ሰዎች ዕውቀቱም ጉልበቱም ነበራቸው፤ ወንዙን መግታት የሚቻል ቢሆን ኖሮ እነሱ ባደረጉት ነበር ብለው ማሰብ ጀመሩ። ከአስዋን በስተደቡብ ወዳለው አል-ጀናዲል ወደሚባለው የፏፏቴ ስፍራ ደርሰው ውሃውን ከዳርና ከዳር መረመሩ። ያሰቡት እንደማይሆን ተረዱ።

ወደ ካይሮ ተመልሰው አልቻልኩም አሉ። በዚያው በአስዋን አካባቢ ታላቁ ግድብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960፣ ያለቀውም በ1970 ነው፤ ከእሳቸው ከ900 ዓመታት በላይ በኋላ፣ በማሽንና በሲሚንቶ ዘመን። የኢብኑል ሀይሰም ግምት ትክክል ነበር። ትክክል መሆን ግን ከኸሊፋ ቁጣ አያድንም።

በቤት ውስጥ እስር

አል-ሓኪም ይቅርታቸውን የተቀበሉ መሰሉ፤ በመንግሥት ጽሕፈት ቤትም ሥራ ሰጧቸው። ሊቁ ሥራውን የያዙት ወደው ሳይሆን ፈርተው ነው። ኸሊፋው ዛሬ የሾሙትን ነገ የሚያስገድሉ፣ ጠባያቸው የማይጨበጥ ሰው ነበሩና። እንደ ኢብኑል ቂፍጢ ትረካ ኢብኑል ሀይሰም ከዚህ የሚያመልጡበት አንድ መንገድ ብቻ ታያቸው፤ እብድ መስለው ታዩ። አእምሮውን የሳተ ሰው ተጠያቂነት የለበትምና ነፍሳቸው ተረፈች። ንብረታቸው ግን ተያዘ፤ ጠባቂ ተመድቦላቸው በቤታቸው ተዘጋባቸው።

በዓለም የታወቀ ሊቅ እብድ እየተባለ መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ሰው ሲመጣ መዘባረቅ፣ ሰው ሲሄድ ማሰብ። ይህ ሁኔታ ኸሊፋው በ411 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1021፣ አንድ ሌሊት ወጥተው ሳይመለሱ እስከቀሩበት ጊዜ ድረስ ዘለቀ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ታላቁ መጽሐፋቸው፣ ሰባት ክፍል ያለው ኪታብ አል-መናዚር፣ በእነዚያ ዓመታት እንደተጻፈ ያምናሉ። ዓይን የሚያየው ከውስጡ ጨረር እያወጣ ሳይሆን ከነገሮች የሚመጣው ብርሃን ወደ እሱ ሲገባ መሆኑን በሙከራ ያስረዱት በዚህ መጽሐፍ ነው። ስለ ጨረቃ ብርሃንም ጽፈዋል። የቂብላን አቅጣጫ በሥሌት ስለማግኘትም ጽፈዋል።

አሁን ወደ ቴምራችን ቅርጫት እንመለስ።

ሰባትና 721

በመድረሳ ፈራኢድ የተማረ ደረሳ ስለ አካፋይ ቁጥር አዲስ አይደለም። ውርስን ለግማሽ፣ ለሲሶ፣ ለሩብ፣ ለስድስተኛና ለስምንተኛ ባለድርሻዎች ያለ ቅሪት ለማከፋፈል እንደ 12ና 24 ያሉ፣ ብዙ አካፋይ ያላቸውን ቁጥሮች መምረጥ ግድ ነው። 24 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8ና ለ12 እኩል ይካፈላል። በአንፃሩ እንደ 7፣ 11፣ 13ና 17 ያሉ ቁጥሮች ከአንድና ከራሳቸው በቀር በምንም አይካፈሉም። በትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥሮች የምንላቸው እነዚህን ነው። ሌሎች ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮችን በማባዛት ይገኛሉ፤ 24 ራሱ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 3 ነው።

ኢብኑል ሀይሰም ለእንቆቅልሹ ሁለት መንገድ ሰጡ። የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ከ1 እስከ 6 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ አባዙ፤ 720 ይሆናል። 720 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5ና ለ6 እኩል እንደሚካፈል ግልጽ ነው፤ ከእነሱ የተሠራ ነውና። አንድ ብንጨምርበት 721 ይሆናል፤ ለእነዚህ ሁሉ ሲካፈል አንድ ይተርፋል። እስከዚህ ድረስ ምንም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው 721 ለ7 ሲካፈል ነው፤ 103 ይደርሳል፣ ምንም አይተርፍም።

ይህ አጋጣሚ ነው ወይስ ሕግ? ኢብኑል ሀይሰም ሕግ ነው አሉ። ማንኛውንም ብቸኛ ቁጥር ውሰዱ፤ ከእሱ በታች ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ አባዝታችሁ አንድ ብትጨምሩ ውጤቱ በዚያ ብቸኛ ቁጥር ያለ ቅሪት ይካፈላል። ብቸኛ ላልሆነ ቁጥር ግን አይሠራም። ለ8 ብንሞክር ከ1 እስከ 7 ያሉት ሲባዙ 5,040 ይሆናሉ፤ አንድ ሲጨመር 5,041። ይህን ለ8 ብናካፍል አንድ ይተርፋል። ለ9 ብንሞክርም 40,321 እናገኛለን፤ አሁንም አንድ ይተርፋል።

ለ7 ለምን እንደሚሠራ ልጆች እንዲገባቸው በእኛ አቀራረብ እንዲህ እናሳይ። 2ን በ4 ብናባዛ 8 ነው፤ ከ7 በአንድ ይበልጣል። 3ን በ5 ብናባዛ 15 ነው፤ ከሁለት ሰባቶች በአንድ ይበልጣል። ስለዚህ እነዚህ ጥንዶች በሰባት ሲካፈሉ የሚተዉት ቅሪት አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ደግሞ ማባዛትን አይለውጥም። ጥንድ ያላገኙት 1ና 6 ብቻ ናቸው፤ ሲባዙ 6 ናቸው። እንግዲህ 720 ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል ማለት ነው። ያንን አንድ ስንጨምርበት 7 ይሞላል። ቁጥሩ ብቸኛ በሆነ ቁጥር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ጥንድ ይገኛል።

ሁለተኛው መንገዳቸው ትንሹን መልስ ይሰጣል። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5ና ለ6 በእኩል የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር 60 ነው። ስለዚህ የ60ን ብዜቶች እየወሰድን አንድ እንጨምርና ለ7 የሚካፈለውን እንፈልግ። 61 አይሆንም፣ 121 አይሆንም፣ 181ና 241ም አይሆኑም። 301 ግን ለ7 ሲካፈል 43 ይደርሳል። ቅርጫቱ ትንሽ ከሆነ 301 ቴምር አለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየ420 እየጨመርን ብንሄድ 721ን፣ 1,141ን፣ ሌሎችንም መልሶች እናገኛለን።

ቁጥሩ ሲያድግ

የዚህ ሕግ ኃይል የሚታየው ቁጥሩ ሲገዝፍ ነው። 17ን እንውሰድ። ከ1 እስከ 16 ያሉትን አባዝተን አንድ ስንጨምር 20,922,789,888,001 ይሆናል፤ ከሃያ ትሪሊዮን በላይ ነው። ይህን ቁጥር ሳንነካው፣ ወረቀትም ሳናነሳ፣ በ17 እንደሚካፈል ከወዲሁ እናውቃለን። ሙሉ በሙሉ ቢበተን ብቸኛ አካፋዮቹ 17፣ 61፣ 137፣ 139ና 1,059,511 ናቸው። የመጀመሪያውን የነገረን ሕጉ ነው፤ ሌሎቹን ለማግኘት ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ሕጉ ወሰን እንዳለውም መናገር ይገባል። 101 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በዚህ መንገድ ልፈትን የሚል ሰው ከ1 እስከ 100 ያሉትን ማባዛት አለበት፤ ውጤቱ 158 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ከዚያ ይልቅ በ2፣ በ3፣ በ5ና በ7 እያካፈሉ መሞከር ይቀላል። እውነት የሆነ ሁሉ ለሥራ አይቀልም።

ይህ ሕግ ዛሬ በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት የሚጠራው በእንግሊዛዊው ጆን ዊልሰን ስም ነው። ለኅትመት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1770፣ በላግራንዥ የተረጋገጠው ደግሞ በ1771 ነው፤ ኢብኑል ሀይሰም ከጻፉት ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ በኋላ።

ሊቁ ያነሱት ሌላ የቁጥር ጉዳይም አለ። 6 በ1፣ በ2ና በ3 ይካፈላል፤ እነዚህ ሲደመሩ መልሰው 6 ይሆናሉ። 28ም እንዲሁ ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7ና 14 ሲደመሩ 28 ናቸው። ከራሳቸው በታች ያሉ አካፋዮቻቸው ሲደመሩ ራሳቸውን የሚሰጡት እነዚህ ቁጥሮች ምሉዕ ይባላሉ። የግሪኩ ዩክሊድ ማግኛቸውን አስተምሮ ነበር። ከ1 ጀምራችሁ እያጠፋችሁ ደምሩ፤ ድምሩ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን በመጨረሻው ቁጥር አባዙት። 1ና 2 ሲደመሩ 3፤ 3 በ2 ሲባዛ 6። 1፣ 2ና 4 ሲደመሩ 7፤ 7 በ4 ሲባዛ 28። ቀጥሎ የሚመጣው ድምር 15 ብቸኛ ስላልሆነ ይታለፋል። ከዚያ 31 በ16 ሲባዛ 496፤ ቀጥሎ 127 በ64 ሲባዛ 8,128 ይመጣል።

ኢብኑል ሀይሰም ጥያቄውን ገለበጡት። በዚህ መንገድ የሚገኘው ሁሉ ምሉዕ ነው ተብሏል፤ ከዚህ መንገድ ውጭ የሆነ ምሉዕ ተጋማሽ ቁጥርስ ይኖራል? የለም አሉ፤ ማስረጃ ለማቅረብም ሞከሩ። ማስረጃቸው ሙሉ አልነበረም፤ የጨረሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኦይለር ነው። መልሳቸው ግን ትክክል ነበር። ተጋማሽ ያልሆነ ምሉዕ ቁጥር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም።

የዚህ መንገድ መጨረሻ የት ነው? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በኮምፒዩተር የተገኘውና እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ የሆነው ብቸኛ ቁጥር በዚሁ የማጠፍ ስልት የሚገነባ ነው። 2ን በራሱ 136,279,841 ጊዜ ደጋግመን አባዝተን አንድ ስንቀንስ ይገኛል። 41,024,320 አሃዞች አሉት። በአንድ ገጽ 5,000 አሃዝ እየተደረገ ቢታተም ከ8,200 ገጽ በላይ ይፈጃል። ከእሱ የሚወለደው ምሉዕ ቁጥር ደግሞ 82,048,640 አሃዝ አለው። የመጀመሪያው የዚህ ቤተሰብ አባል ያ በጣታችን የምንቆጥረው 6 ነው።

በአል-አዝሃር ደጅ

ኸሊፋው ከጠፉ በኋላ ኢብኑል ሀይሰም እብደቱን ጣሉት። የተያዘባቸው ንብረት ተመለሰላቸው። ከዚያ ግን ወደ ቤተ መንግሥት ደጅ አልተመለሱም። በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ገደማ ብቻ በሆነው በአል-አዝሃር መስጊድ በር አጠገብ ባለች ጉልላት ያላት ትንሽ ቤት ተቀመጡ። መተዳደሪያቸው የእጅ ጽሑፍ ነበር። በዓመት ውስጥ የዩክሊድን መጽሐፍ፣ የበጥሊሞስን የሥነ ፈለክ መጽሐፍና በሁለቱ መካከል የሚጠኑትን መጻሕፍት ይገለብጡ ነበር። ለዚህም 150 የግብፅ ዲናር ይቀበሉ ነበር፤ ዋጋው የታወቀ ነበርና ክርክር የለውም። ዓመቱን የሚኖሩት በዚያችው ገንዘብ ነው። የቀረውን ጊዜ ያስተምራሉ፣ ይመራመራሉ፣ ይጽፋሉ።

ስለ እሳቸው የሚነገር አንድ ታሪክ ለዚህ ወር ይስማማል። ከሰምናን የመጣ ሱርኻብ የሚባል ሹም ሊማር ፈለገ። ሊቁ በየወሩ 100 ዲናር ክፈል አሉት። ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያጓድል ከፈለ። ተምሮ ሲጨርስና ሊሰናበት ሲመጣ ኢብኑል ሀይሰም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የተቀበሉትን ገንዘብ በሙሉ አውጥተው መለሱለት። በጎ ነገርን ለማስተማር ዋጋ እንደማይቀበሉ፣ ገንዘቡን የጠየቁት ከዕውቀቱና ከሀብቱ የትኛውን እንደሚወድ ለመፈተን እንደነበር ነገሩት። ለዓመት 150 ዲናር ብቻ የሚያገኝ ሰው 3,600 ዲናር ሳይነካ አስቀምጦ መመለሱን ስናስብ የታሪኩ ክብደት ይገባናል።

ኢብኑል ሀይሰም በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1040 ገደማ፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ እያሉ፣ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው። ኪታብ አል-መናዚር ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለአውሮፓ ሊቃውንት መማሪያ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1572ም በባዝል ከተማ ታተመ። ከሕልፈታቸው ከ250 ዓመታት በላይ በኋላ ከማሉዲን አል-ፋሪሲ የሚባሉ ሊቅ ይህንኑ መጽሐፍ ተንትነው የቀስተ ደመናን አመጣጥ አስረዱ። እኚሁ ሰው ቁጥሮችን ወደ ብቸኛ አካፋዮቻቸው በመበተን 17,296ና 18,416 የተባሉትን፣ የአንዱ አካፋዮች ድምር ሌላውን የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች በጽሑፍ አኑረዋል። የብርሃኑም የቁጥሩም መንገድ አልተቋረጠም ማለት ነው። ዛሬ በጨረቃ ላይ ካሉት ጉድጓዶች አንዱ በኢብኑል ሀይሰም ስም ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2015ም የመጽሐፋቸው አንድ ሺህኛ ዓመት በዓለም አቀፉ የብርሃን ዓመት ታስቧል።

ከሕይወታቸው ለቤተሰባችን የምንወስደው አንድ ነገር አለ። በወንዙ ዳር ቆመው የማይቻለውን አይቻልም አሉ፤ ይህ ክብራቸውንና ነፃነታቸውን አሳጣቸው። ግን ያንኑ ሐቀኝነት ይዘው ወደ ቁጥር ሲዞሩ ማንም የማይነጥቃቸውን አገኙ። 721 ለኸሊፋም፣ ለእስረኛም፣ ዛሬ ኢፍጣር ለሚጠብቅ ሕፃንም ለሰባት እኩል ይካፈላል። ልጆቻችን የማያውቁትን አላውቅም፣ ያልቻሉትን አልቻልኩም ማለትን ከተማሩ፣ ያወቁትን ደግሞ ፈትሸው መያዝን ከለመዱ የዚህን ሊቅ ውርስ ተካፈሉ ማለት ነው።

ለነገ ምሽት አዲስ ቅርጫት እናስቀምጥላቸው። አሁን ቴምሩ ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እያለ እስከ 10 ሲካፈል ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል፤ ለ11 ሲካፈል ግን ምንም አይተርፍም። የሊቁ የመጀመሪያ መንገድ 3,628,801 ይሰጣል። በሁለተኛው መንገዳቸው ግን ከ26,000 በታች የሆነ መልስ አለ። መነሻው ከ1 እስከ 10 ላሉት ሁሉ የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር፣ 2,520፣ ነው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የሚጠቅም ዕውቀትም ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።